የአባቴ ካሴት 38 በመቶ ላይ ቆሟል

ዛሬ ዓርብ ነው። ጂዳ ያለችው እህቴ በሳምንት የምታርፈው ዓርብ ብቻ ነው። ከጁምዓ በኋላ ስልኳን ይዛ ቁጭ ትልና «ወንድምዓለም፣ መጣልኝ እንዴ?» ትለኛለች። አልመጣላትም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ኮምፒውተሬን ሳላጠፋ፣ መብራት ሲሄድ ተነስቼ መልሼ እያስጀመርኩ፣ የሄደላት 38 በመቶ ነው። ደሴ ቧንቧ ውሃ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ የቤት ብሮድባንድ በየወሩ ሳላዛንፍ እየከፈልኩ፣ የገዛ አባቴን ድምፅ ለገዛ እህቴ መላክ አቃተኝ።

አባታችን፣ አላህ ይዘንለት፣ መንዙማ ካለበት አይጠፋም ነበር። ለመውሊድ ገታ ሲወርድ፣ ዳና ሲሄድ፣ ሰፈር ውስጥ ወዳጃ ሲኖር ቴፑን ከትከሻው አያወርዳትም። ሲሞት 60 ካሴት በቆርቆሮ ሳጥን ትቶልን ሄደ። ክረምቱን በሙሉ ወደ ኮምፒውተር ስገለብጠው ከረምኩ። ክሩ የተጣበቀውን እርሳስ አስገብቼ እያጠነጠንኩ፣ የተበጠሰውን በፕላስተር እየቀጠልኩ። አባቴ መቅዳት ከመጀመሩ በፊት ቀኑንና አገሩን ይናገራል፣ አንዴ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ከዚያ ድቤው ይገባል። እናቴ ያቺን ጉሮሮ መጥረግ ስትሰማ የያዘችውን ስኒ ረከቦቱ ላይ ታስቀምጥና ዝም ትላለች። እህቴ ያቺን ድምፅ ነው የምትጠብቀው። የሰባት ዓመት ሰደቃው እየደረሰ ነው፤ እሷ መምጣት አትችልም።

የ90 ደቂቃ ካሴት ሳይጨመቅ ሲገለበጥ 1 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። ስድሳው ተደምሮ 57 ጊጋባይት ነው። ውል የገባሁት ለ10 ሜጋቢት ነው፣ መላኪያውም መቀበያውም። 10 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ነው። ስለዚህ 57ቱ ጊጋ 13 ሰዓት ሳይሞላ ሄዶ ማለቅ ነበረበት፤ ማታ ጀምሬ ጠዋት ቁርስ ላይ ማለት ነው። እኔ ግን የማገኘው በሰከንድ 30 ኪሎባይት ነው። አስሉት፦ 22 ቀን። መብራት አንድም ጊዜ ካልጠፋ!

የምልከው በቶሬንት ነው። «ቴሌግራም አለልህ አይደል?» የሚለኝ አለ። ሞክሬዋለሁ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር የተጀመረው ፋይል እንደገና ከሀ ይጀምራል። ቶሬንት ከቆመበት ይቀጥላል። ብራም ኮኸን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ዘዴ ነው፤ ፋይሉ ይበጣጠስና ቁራሹ የደረሰው ሁሉ ለሌላው ያቀብላል። ለወሎ ሰው ማስረዳት አይከብድም፣ ወንፈል ነው። አዲስ አበባ ያለው አጎቴ የደረሰውን ለእህቴ ያቀብላታል፣ ወልዲያ ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ከሁለቱም ይወስዳል። መብራቱ እኔ ጋ ቢጠፋ እነሱ እርስ በርስ ይቀጥላሉ። ለእንደኛ አገር ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም።

እና ኢንተርኔት የሚሸጡልኝ ሰዎች ይህንን ነው ለይተው የሚያንቁት።

እንዴት አወቅህ ትሉኛላችሁ። አምስት ሌሊት ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ከተማው ጭጭ ባለበት ሰዓት፣ መጀመሪያ ስፒድ ቴስት አደርጋለሁ፤ 10 ሜጋቢት፣ ንቅንቅ አይልም። ቪዲዮ እከፍታለሁ፣ ሳይቆራረጥ ይሄዳል። ቶሬንቱን እከፍታለሁ፣ 30 ኪሎባይት። ቪፒኤን አበራለሁ፣ ቶሬንቱ ወዲያው ከ1 ሜጋባይት በላይ ይወጣል። ቪፒኤኑን አጠፋለሁ፣ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ተመልሶ 30። አምስቱም ሌሊት እንዲሁ ነው። ሞደሙ ያው ነው፣ ኬብሉ ያው ነው፣ የአጎቴ ኮምፒውተርም ያው ነው። ቪፒኤን የሚያደርገው በመስመሩ ላይ የሚያልፈው ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ እንዳይታይ መሸፈን ነው። ሲሸፈን ከፈጠነ፣ ሲገለጥ ከታነቀ፣ አንድ ሰው መሀል ላይ ቆሞ ዓይነቱን እያየ ይለያል ማለት ነው። መስመሩ ተጨናንቆ ቢሆን ኖሮ ቪፒኤንም አያድነኝም ነበር።

«ታዲያ ቪፒኤኑን አብርተህ አትልክም?» ለምን? የነፃው ኮታው በአንድ ሌሊት ያልቃል፣ ደህናው በዶላር ነው የሚከፈለው፣ እኔ ዶላር ከየት አመጣለሁ? ደግሞስ የከፈልኩበትን መስመር ለመጠቀም ለሌላ ሰው ሁለተኛ ክፍያ ለምን እከፍላለሁ?

ይሄ የኔ ጥርጣሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 ሮብ ቶፖልስኪ የሚባል የኔትወርክ ባለሙያ ልክ እንደኔ የድሮ ዘፈን ለሰው ያካፍል ነበር፤ አራት ሰው ያለ መሣሪያ በድምፅ ብቻ የሚዘፍነውን። መላኩ እምቢ ሲለው ቁጭ ብሎ በመስመሩ የሚያልፈውን ቁራሽ በቁራሽ አየው። ኮምካስት የሚባለው ትልቁ የኢንተርኔት አቅራቢ ድርጅት ሁለቱ ኮምፒውተሮች እየተነጋገሩ እያለ መሀል ገብቶ፣ አንዱን መስሎ ለሌላው «ይብቃን፣ ዝጋው» የሚል ሐሰተኛ መልእክት ይልክ ነበር።

ይህን በኛ ቋንቋ ልንገራችሁ። ልጅ ልካችሁ ጎረቤት ለቡና ታስጠራላችሁ። አንዱ ልጁን መንገድ ላይ ያቆመውና በጎረቤታችሁ ስም «አልመጣም፣ አትጠብቁኝ» ብሎ ይመልሰዋል። ጎረቤታችሁ ዘንድ ደግሞ ይሄድና በናንተ ስም «ቡናው ቀርቷል» ይላል። ሁለታችሁም ተቀያይማችሁ ትቀመጣላችሁ። ኮምካስት ያደረገው ይህንን ነው። ሲጠየቅ መጀመሪያ ካደ። በዚያው ዓመት ጥቅምት አሶሲዬትድ ፕሬስ የሚባለው የዜና ወኪል መጽሐፍ ቅዱስን በቶሬንት ልኮ ሞከረው፣ እሱም ታገደ። መጽሐፍ ቅዱስ! የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2008 ድርጅቱን አቁም አለው። በ2010 ፍርድ ቤት ኮሚሽኑ ይህን የማዘዝ ሥልጣን የለህም ብሎ ውሳኔውን ሻረው፤ ጭቅጭቁ እዚያ ዛሬም አልበረደም። ቢሆንም አንድ ሰው በገዛ ጊዜው መዝግቦ ኮምካስቶችን አጋለጣቸው፣ እነሱም የአሠራሩን መንገድ ለወጡ። መስመር ሲጨናነቅ የፋይሉን ዓይነት ሳያዩ በዚያ ሰዓት ከሁሉም አብዝቶ የሚጠቀመውን ለጊዜው ማዘግየት ጀመሩ። እንደሱ ከሆነ እኔም እቀበላለሁ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ሰፈሩ በሙሉ ድራማ ሲያይ የኔ ካሴት ቢዘገይ ቅር አይለኝም፤ ጎረቤቶቼ ናቸው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ግን ማን ተጨናነቀ?

ቶሬንት የሌባ ነው የሚለው ወሬም ሰልችቶኛል። ኡቡንቱ የሚባለውን፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ነፃ ሲስተም፣ ከራሱ ባለቤቶች በቶሬንት አውርጄ የሰው ላፕቶፕ ላይ እጭናለሁ፣ እንጀራዬ ነው። ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው ትልቁ ቤተ መጻሕፍት የራሱን መዛግብት በቶሬንት ያድላል። የአባቴን ካሴት ደግሞ ከማን ሰረቅሁት?

ደንበኞች አገልግሎት ስደውል ያነሳችው ልጅ ጨዋ ነች፣ ክፋት የለባትም። «ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት» አለችኝ። አጠፋሁ አበራሁ። «ስፒድ ቴስት ያድርጉ።» አደረግሁ፣ 10 አለ። «እንግዲያው ከኛ በኩል ችግር የለም።» እህቴ፣ እኔ ስፒድ ቴስት ለእህቴ አልልክም! ቶሬንት ታዘገያላችሁ ወይ ብዬ በቀጥታ ጠየቅኋት። «እንደዚያ ዓይነት መረጃ የለኝም» አለችና የቅሬታ ቁጥር ሰጠችኝ። በሳምንቱ ደወልኩ፣ ሌላ ልጅ አነሳ፣ ራውተሩን አጥፋ አለኝ።

የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። መዘግየቱን ልቻለው፤ ስንት ነገር ችለን ኖረናል። ግን በውሉ ላይ ያልተገደበ ብሎ የፈረመ ሰው በጓዳ ገድቦ፣ ስትጠይቀው አልገደብኩም ይላል? ውሉን አውጥቼ ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ። ስለ ክፍያ መዘግየት ሁለት አንቀጽ አለ። ይህን ዓይነት ትራፊክ እናዘገያለን የሚል አንድ ቃል የለም። ካለ ይጻፍ! ይህን እናዘገያለን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ምክንያት ብለው ይጻፉትና እኔ አይቼ ልፈርም ወይም ልተው። ከዚህ ሌላ የጠየቅሁት የለም።

እናቴ ጠዋት ጠዋት «ደረሰላት ወይ?» ትላለች። እሷ ቶሬንት አታውቅም፣ ካሴቱ በመንገድ ላይ ያለ ነው የሚመስላት። ለነገሩ በሐርድ ዲስክ አድርጌ በአውቶቡስ ልልከው እያሰብኩ ነው። አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአንድ ቀን ይገባል። ከዚያ ወደ ጂዳ የሚሄድ ሰው መለመን ነው።

ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ወልዲያ፣ ባቲ ያላችሁ የቤት መስመር ተጠቃሚዎች እባካችሁ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ኡቡንቱን በቶሬንት አውርዱ፣ መጀመሪያ ያለ ቪፒኤን፣ ከዚያ በቪፒኤን፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ። ሰዓቱንና ሁለቱን ፍጥነት ከታች ጻፉልኝ። ሰኞ ደብተሬን ይዤ ቢሯቸው እሄዳለሁ፤ የኔ ብቻ እንዳይመስላቸው የናንተንም ይዤ ልሂድ።