ይድረስ ለአዲሱ ቻናላችን

ለክቡር አዲሱ የቴሌቪዥን ጣቢያችን
ባሉበት ሳተላይት

ጉዳዩ፦ የሙከራ ሥርጭቱ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ «በሙከራ ሥርጭት ላይ እንገኛለን» እያሉ ያሳለፏቸውን ሰባት ወራት በምስጋና አስታውሳለሁ። በዚያ ጊዜ ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት በክራርና በዋሽንት ዜማ ታጅበው የጢስ ዓባይን ፏፏቴ፣ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ የሐረርን የጀጎል ግንብ እና በሰሜን ተራሮች ላይ ሣር የሚግጡ ጭላዳዎችን እያፈራረቁ ያሳዩን ነበር። ማንም አይናገርም፤ ማንም አያጨበጭብም፤ ማንም «ዋው» አይልም። ከታች በኩል ፍሪኩዌንሲው፣ ሲምቦል ሬቱ እና «በቅርብ ቀን ይጠብቁን» የሚለው ጽሑፍ ቀስ ብሎ ያልፋል። እናቴ ጭላዳዎቹን ከመልመዷ የተነሣ «ያ ትልቁ ዛሬ አልወጣም እንዴ?» እያለች ትጠይቅ ነበር።

ከዚያ መደበኛ ሥራ ጀመሩ።

እርስዎን ወደ ቤታችን ለማስገባት የደከምነውን ድካም ምናልባት አላወቁት ይሆናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአገራችን ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት በዞሩ ጊዜ ዲሽ ሠሪው ጣራ ላይ ወጥቶ፣ እኔ ግቢ ውስጥ ቆሜ፣ ባለቤቴ በመስኮት ብቅ ብላ፣ ልጃችን ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ፣ «መጣ?» «ሄደ!» «ትንሽ መልሰው!» እየተቀባበልን ነው ዲሹን 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ያሳረፍነው። የእርስዎም ምልክት የሚመጣው ከዚያው ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል፤ ያንኑ ያህል ቁልቁል ተጉዞ በዲሻችን ላይ ያርፋል፤ ከዲሹ ፊት በተሰቀለው መቀበያ፣ በኤልኤንቢው፣ አልፎ፣ ሪሲቨሩ ውስጥ ገብቶ፣ በመጨረሻ ሳሎናችን ሲደርስ የሚነግረን ነገር ቢኖር «ሙሉውን ቃለ ምልልስ በዩቲዩብ ገጻችን ይከታተሉ» የሚል ነው። ይህን ሁሉ መንገድ ተጉዞ በራችን ላይ ከቆመ በኋላ የጎረቤትን ቤት የሚጠቁም እንግዳ ከእርስዎ በፊት ገጥሞን አያውቅም።

አባቴ የአገራችን ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ጎረምሳ ነበር። ሥርጭቱ ምሽት ላይ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ይቆይ እንደነበር፣ ሰዓቱ ሲያልቅም ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ ሰው ወደየቤቱ እንደሚሄድ ይተርክልናል። እርስዎ ግን ገና ከመጀመሪያው ቀን 24 ሰዓት ካልሠራሁ ብለው ተነሡ። «ድሀ ቅቤ ወዶ፣ ማን ይሸከም ነዶ» እንዲሉ፣ ሃያ አራቱን ሰዓት የሚሞላ ሥራ ስላልነበረዎት ሦስት ሰዓት የሚሆን ዝግጅት ይዘው ስምንት ጊዜ ያሳዩናል። ሒሳብዎ እንከን የለውም፤ ሦስት በስምንት ሲባዛ ሃያ አራት ነው። ልጄ የማባዣ ሰንጠረዡን ያጠናው በእርስዎ ነው።

የቤቱ ሁኔታ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው። በየምሽቱ የማያቸው ዝግጅቶች የእርስዎ ይመስሉኝ ነበር። ኋላ ላይ እንደተረዳሁት አንዱ አዘጋጅ ሰዓቱን ከእርስዎ ይከራያል፤ ስፖንሰሩን ራሱ ይፈልጋል፤ በጓደኛው ካሜራ ይቀርጻል፤ በፍላሽ አድርጎ አምጥቶ ያስረክብዎታል። እርስዎም «በዚህ ዝግጅት የሚቀርቡ ሐሳቦች የጣቢያውን አቋም አያንጸባርቁም» የሚል ጽሑፍ ለጥፈው ይለቁታል። እንግዲህ ሃያ አራት ክፍል ሰርቪስ ቤት ደርድረው በየሰዓቱ የሚያከራዩ ባለ ግቢ ነዎት ማለት ነው። እኔም ዕድሜዬን በሰርቪስ ቤት የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ የዚህን ኑሮ ሕግ አውቃለሁ፤ የእኔ አከራይ እማማ ቢያንስ ማን እንደገባና ማን እንደወጣ ይጠይቃሉ፤ ከአራት ሰዓት በኋላ የሚጮኽ ሬዲዮ ካለም በር ያንኳኳሉ። እርስዎ ኪራዩ በጊዜው እስከገባ ድረስ ተከራይዎ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ለእያንዳንዱ በሽታ መድኃኒት የሚሆን አንድ ሻይ ቢሸጥ በር የሚያንኳኩ አይነት አይደሉም።

መቼም ችግርዎን አልገነዘብም ማለት ግፍ ይሆናል። ቀድሞ የጣቢያዎችን ኪራይ ይከፍል የነበረው ቢራ ነበር። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ካሰናበተው ወዲህ ለጉበታችን ደግ ዘመን ቢመጣም፣ ለመዝናኛ ዝግጅቶች ግን የሐዘን ድንኳን ተተከለ። ቢራው በሄደበት ወንበር ላይ ሪል ስቴት ተቀመጠ፤ አሁን ያለ ጣራ ኪራይ የማያድር ተመልካች በየዐሥር ደቂቃው ስለ ባለ ሦስት መኝታ አፓርትመንት ይሰማል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ሳተላይት የሚከፈለው ደግሞ በዶላር ነው። ከሰማይ የተከራዩትን ለምድር የሚያከራዩ፣ የተከራየ አከራይ ነዎት። በዚህ በዚህ እንኳ ዘመዳሞች ነን።

ይሁን እንጂ ድህነት የማያስገድዳቸው ነገሮች አሉ። የማታ ሁለት ሰዓቱ የጨዋታ ዝግጅት አቅራቢ እንግዳውን «ልጅነትህ ምን ይመስል ነበር?» ብሎ ይጠይቅና የራሱን ልጅነት ይተርካል። ሶፋውን ያቀረበው የፈርኒቸር ቤት ስም ከእንግዳው ስም በላይ ጎልቶ ይጻፋል፤ ይህም ተገቢ ነው፤ በዚያ ምሽት ከሁለቱ አዲስ የነበረው ሶፋው ነው፤ እንግዳውን በዚያው ሳምንት በሌሎች ሁለት ቻናሎች ላይ አይተነዋል። ባለፈው ጊዜ እንግዳው የሟች አባቱን ነገር አንሥቶ ድምፁ ሲሰበር አቅራቢው «ዋው! በጣም አሪፍ ነው፤ ከአጭር የማስታወቂያ ዕረፍት በኋላ እንመለሳለን» አለ። አጭሩ ዕረፍት አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ሲመለሱ ሐዘኑ አልፎ ጥያቄና መልስ ላይ ነበሩ።

የትርጉም ድራማውንም አይተናል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ ከአገር ውስጥ የጥበብ ባለሙያዎች ስንት ቅሬታ እንደተሰማ ይታወሳል። እርስዎ የወሰዱት ትምህርት ግን ሥራውን በሁለት ሰው ብቻ መጨረስ ይቻላል የሚለውን ነው። ወንዶቹን ሁሉ አንድ ሰው፣ ሴቶቹንና ሕፃናቱን ሁሉ አንዲት ሴት ስለሚናገሩላቸው፣ አባትና ልጅ ሲጣሉ አንድ ሰው ራሱን ሲያወግዝ እንሰማለን።

ስለ ዜናዎ ብዙ አልልም። ስብሰባ ነው። ካሜራው ማስታወሻ የሚይዙ እጆችን፣ የታሸገ ውኃ የተደረደረበትን ጠረጴዛ እና አንድ ያንቀላፋ ተሰብሳቢን ካሳየን በኋላ ኃላፊው አሳሰቡ፣ አስታወቁ፣ ገለጹ ይባላል፤ እነዚያ ሁሉ እጆች ምን እንደጻፉ ግን ተነግሮን አያውቅም። የሽንኩርት ዋጋ ሲወደድም ሲረክስም የምታሳዩን ሽንኩርት ያው አንዱ ነው። እስከ ዛሬ ሳይበሰብስ መቆየቱ ራሱ ዜና ይወጣው ነበር።

በሰፊው ልመለስበት የምፈልገው የበዓል ዝግጅትዎ ነው። የበዓል ዝግጅት ቀደም ብሎ እንደሚቀረጽ አገር ያውቃል፤ ነገር ግን ፋሲካ ቀደም ብሎ ሲቀረጽ የሚያርፈው ዐቢይ ጾም ላይ ነው። ስቱዲዮው ቄጤማ ተጎዝጉዞበታል፤ ዕጣኑ ይጨሳል፤ በገና በዓል ያየነው ሞሰብ የተቀደደ ጎኑን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀምጧል። አቅራቢዋ በሐበሻ ቀሚስ ተውባ «እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ» ትላለች። ድምፃዊው፣ ተዋናዩና ኮሜዲያኑ ገበታውን ይከብባሉ። ዶሮ ወጡ ቀረበ፤ እንቁላሉ በመብራቱ ያብረቀርቃል። ድምፃዊው ቆርሶ ጠቀለለ፤ ጉርሻውን ወደ ተዋናዩ አፍ አስጠጋ፤ ተዋናዩ ዓይኑን ጨፈነ፤ ልክ በዚያች ቅጽበት ካሜራው ወደ ጀበናው ዞረ። ተመልሶ ሲመጣ ሦስቱም ባዶ አፋቸውን እያላመጡ «እጅሽ ይባረክ» ይላሉ፤ ከሞሰቡ ላይ ግን አንዲት እንቁላል አልጎደለችም። ሙሉ ሌሊት ቅዳሴ ቆማ ያደረችው እናቴ እግሯን ዘርግታ ይህን ስታይ ቆይታ፣ «እነዚህ ልጆች ቢያንስ ጾማቸውን አልገደፉም» ብላ መረቀቻቸው። ከእርስዎ ዝግጅቶች ሁሉ የእሷን ምርቃት ያገኘ ይህ ብቻ ነው።

በካሜራው ጀርባ ባለው ልጅ ላይ ቅሬታ እንደሌለኝ ይመዝገብልኝ። ያው ልጅ ዜናውን ይጽፋል፣ ይቀርጻል፣ ያቀናብራል፤ የስፖርት ዘጋቢው ሲቀርም ኮት ተውሶ ይቀርባል። የኮቱ እጅጌ እንደሚረዝመው ሁላችንም አይተናል። ደመወዙ በየወሩ ይድረስ አይድረስ የእርስዎና የእሱ ጉዳይ ቢሆንም፣ ሰሞኑን «ተስፋ» የሚለውን ቃል ሲያነብ ድምፁ የሚለዋወጥበት ምክንያት ቢጣራ መልካም ነው።

ስለዚህ የሙከራ ሥርጭቱ ከተቻለ ቀኑን ሙሉ፣ ካልተቻለም ከምሽቱ ሁለት እስከ አራት ሰዓት እንዲመለስልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ፏፏቴው አበል አይጠይቅም፤ የጀጎል ግንብ የእንግዳን ቃል አያቋርጥም፤ ሁሉም ተቀርጸው ያለቁ በመሆናቸው አዲስ ወጪ የለባቸውም። ስፖንሰር የግድ ነው ከተባለም የሪል ስቴቱ ስልክ ቁጥር ከጭላዳዎቹ ሥር ቢያልፍ አንቃወምም፤ ጭላዳዎቹ ስለ ቅድመ ክፍያው አስተያየት እንዳይሰጡ ብቻ አደራ። እናቴም የትልቁን ደኅንነት በአድራሻችን እንዲያሳውቋት በአክብሮት ትጠይቃለች።

ከሠላምታ ጋር
ተመልካችዎ

ግልባጭ፦
ለዲሽ ሠሪያችን (መሰላሉን ይዞ እንዲጠባበቅ)
ለአከራዬ ለእማማ (ለመረጃ ያህል)