የስምንት ሜትር ገመድ ክርክር

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ «በብሪታንያ ለየጀልባው ዓይነት የቆሙት ብሔራዊ ማኅበራት ይፍረሱ። ሥራቸውን የአገሪቱ የሸራ ጀልባ አካል፣ ሮያል ያችቲንግ አሶሲዬሽን፣ ይረከብ።» የሚደግፈው ልጁ በሸራ ጀልባ የሚወዳደር አባት ነው። የሚቃወሙት፣ ጀልባው ደንቡን ጠብቆ እንደሆነ ለማየት፣ ዕድሜያቸውን በፈቃደኝነት ጀልባ ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸው።

አባት፦ ልጄ የሚወዳደረው በኦፕቲሚስት ነው። 2 ሜትር ከ30 የምትሆን፣ ሣጥን የምትመስል የልጆች ጀልባ። የራሷ ማኅበር አላት። 15 ዓመት የሚሞላው ዓመት ሲያልቅ ግን ልጁ ከእሷ ይወርዳል። ኢልካ የምትባለውን የአንድ ሰው ጀልባ ልግዛለት ካልኩ ሌላ ማኅበር፣ ሌላ መዋጮ፣ ሌላ ደንብ። ከጓደኛው ጋር 420 በምትባለው የሁለት ሰው ጀልባ ላይ ቢወጣ ደግሞ ሌላ። ነፋሱ ያው፣ ውሃው ያው! ባለፈው ለምን እንደተቀጣ ልንገራችሁ። መጎተቻ ገመዱ 8 ሜትር አልሞላም ተባለ። ጫፉ ተተርትሮ ነበርና በወጥ ቤት ቢላዋ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ብትጎድል ስንዝር ብትጎድል ነው። ልጁ እያለቀሰ መጣ።

ለኪው፦ ወንድሜ፣ ገመዱን ማን ቆረጠው አልክ? ነፋስ ሲጠፋ ወይም ማዕበል ሲነሳ አንድ የሞተር ጀልባ ስንት ልጆችን በተርታ አስሮ እንደሚጎትት አይተሃል። ደንቡ ለዚያ ነው። ለመሆኑ ያለ ማኅበር ደንቡን ማን ይጠብቃል? ሌዘርን ተመልከት። በፈረንጆቹ ከ1996 ጀምሮ ኦሊምፒክ ላይ ያለች ጀልባ ናት። ሁሉም አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ደንቡ በግልጽ ያልፈቀደው ነገር ክልክል ነው። በ2019 ዓለም አቀፉ ማኅበሯ አንድ ትልቅ ፋብሪካን «ለቁጥጥር በሩን ዘጋብኝ» ብሎ ውሉን አቋረጠ። ሌዘር የሚለው የንግድ ስም የፋብሪካው ስለነበር ጀልባዋ ስሟን ቀይራ ኢልካ ተባለች። አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ሌሎች ፋብሪካዎችም እንዲሠሯት ፈቀዱ። ይህን ማኅበር እንጂ ቢሮ አይደፍረውም። ደንብ የከበደው ሰው ጀልባውን ሽጦ ብስክሌት ይግዛ።

አባት፦ ብስክሌት! ጋሼ፣ እርስዎን አክብሬ ነበር የጻፍኩት። ቅዳሜ በሌሊት ተነስቼ፣ ጀልባ መኪና ላይ ጭኜ፣ በዝናብ ቆሜ የምውል ሰው ብስክሌት ይግዛ ተባልኩ። የማኅበራቱ ጠባይ ይኸው ነው። ደስ ካላለህ ውጣ! ስም መቀየሩንስ ምን አመጣው? ስታንዳርድ የነበረው ኢልካ 7፣ ራዲያል የነበረው ኢልካ 6 ተባለ። ያቺው ጀልባ። ማኅበሩ የፈቀደውን ሸራ ስገዛ ግን ከተመሳሳዩ የልምምድ ሸራ አብልጬ እከፍላለሁ። ለምን?

ለኪው፦ አክብሬ ነበር አልክ። ነበር። እኔ በብርድ ጠጠር ላይ ተንበርክኬ፣ በምሰሶና በሸራ መሐል ማስመሪያ እያስገባሁ ነው ያረጀሁት። ኦፕቲሚስት ላይ ያ ክፍተት ከ10 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ጣቴ ደንዝዞ ቁጥሩን ልጆቹ ያነቡልኝ ነበር። ሻይ እንኳ የከፈለልኝ የለም። አሁን በወጥ ቤት ቢላዋ ገመድ የሚቆርጥ ሰው ጠባይ ሊያስተምረኝ ተነሳ።

አባት፦ የሸራው ዋጋ መልስ አላገኘም፤ ይሁን። ሌላ ልጠይቅ። ፊን የሚባለው ጀልባ ከ1952 ጀምሮ ኦሊምፒክ ላይ ነበር። ማኅበር ነበረው፣ ያውም ጠንካራ። ከቶኪዮ በኋላ ወጣ። ማኅበሩ ምን አተረፈለት? ወይስ ፊንን የሚወዱትም ብስክሌት ይግዙ?

ለኪው፦ ከብስክሌቱ ውረድ እንጂ! ፊን ጎልድ ካፕ የሚባለው የፊን ውድድር ዛሬም ይካሄዳል፤ ሰዎቹ እየከፈሉ ይመጣሉ። ስታር የሚባለው ጀልባም ማኅበሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከ2012 በኋላ ኦሊምፒክ ባይኖረውም ዛሬም ይወዳደራል። ኦሊምፒክ ሲተዋቸው ያልተዋቸው ማኅበራቸው ነው። ሥራው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ቢሄድ ኖሮ ከኦሊምፒክ በወጡ ማግስት ፋይላቸው ይዘጋ ነበር።

አባት፦ እሺ፣ ይኑሩ። ይፍረሱ ያልኩትም ተናድጄ ነው። ግን መዋጮው አንድ ቦታ ይከፈል፤ ማኅበራቱ እዚያ ይከፋፈሉት። ወላጅም ኮሚቴው ውስጥ ይግባ። ገንዘቡ ከኛ ኪስ፣ ውሳኔው ከናንተ አፍ መሆኑ ይብቃ።

ለኪው፦ ወላጅ አይግባ ማን አለ? በጠቅላላ ጉባኤው ቀን ወንበሩ ባዶ ነው። ና፣ ተመረጥ፣ መዋጮውንም እዚያው አንሳው። እስከዚያ ገመዱን 8 ሜትር ከግማሽ አድርገህ ግዛ፤ ቋጠሮው ይበላዋል።

አባት፦ 10 ሜትር ገዝቻለሁ። ጉባኤውም ላይ እመጣለሁ። በብስክሌት።