ማስተካከያ፦ አይሶፍሉሬን የደም ግፊትን የሚቀንሰው እንዴት ነው?

ስለ ቤተ ሙከራ አይጦች ማደንዘዣ ቀደም ሲል ባቀረብነው ጽሑፍ፣ አይሶፍሉሬን (እንደ ሃሎቴን ሁሉ በትንፋሽ የሚሰጥ ማደንዘዣ) የደም ግፊትን የሚቀንሰው «እንደ ሃሎቴን የልብን ጡንቻ በማድከም ነው» ብለን ነበር። ተሳስተናል፤ አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።

የልብን የመኮማተር ኃይል በዋናነት የሚያዳክመው ሃሎቴን ነው፤ ልብን ለአድሬናሊን ይበልጥ ስሱ ስለሚያደርገውም የምት መዛባት ሊያስከትል ይችላል። አይሶፍሉሬን ግን ግፊቱን የሚያወርደው በአብዛኛው የደም ሥሮችን በማስፋት ነው። ልብን ጨርሶ አይነካም ማለታችን ግን አይደለም፤ መጠኑ ከፍ ሲል የልብ ጡንቻም ይደክማል።

ስህተቱን ቀላል አድርገን አላየነውም። የልብ መድኃኒት የሚፈትን ተመራማሪ ይህን ልዩነት ካልለየ፣ ማደንዘዣው ያመጣውን ለውጥ የመድኃኒቱ ውጤት አድርጎ ሊመዘግብ ይችላል። የእንስሳው ሙቀት ሲወርድ የልብ ምቱ እንደሚዘገይም ሳንጠቅስ አልፈን ነበር።