ይድረስ ለክቡር ከረሜላ፣ የሱቁ ጣሳ ውስጥ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከመልስነት ተነስተው ወደ ምርቃትነት እንዲመለሱ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ሹመትዎ መቼ እንደጸደቀ የሰማ የለም፤ ሥራ ላይ ግን አሉ። የ48 ብር ዕቃ ተገዝቶ ሃምሳ ሲሰጥ ባለሱቁ መሳቢያውን ሳብ፣ መለስ ያደርግና "ዝርዝር የለም" ይላል። ከዚያ እጁ ወደ ጣሳው ይገባል። ሁለት ብር እርስዎን ሆና ትወጣለች።

የቀድሞ ማዕረግዎን እናስታውስዎ። የሰፈር ሱቅ ማለት ባንኮኒ፣ ባለሁለት ሳህን ሚዛን፣ የላምባ በርሜልና አገጩ ባንኮኒው ላይ የማይደርስ ተላላኪ ልጅ ነበር። ለሩብ ኪሎ ስኳር የጋዜጣ ወረቀት እንደ ቀንድ ይጠቀለላል፣ ሹል ጫፉ ሁለቴ ይታጠፋል፣ ስኳሩ ተሞልቶ አንዱ ሳህን ላይ ይቀመጣል፤ ሌላው ላይ ብረቱ አለ። ጫፉ አንዴ ብቻ ከታጠፈ ስኳሩ መንገድ ለመንገድ ይንጠባጠባል፣ ቤት ሲደርስ ግን "ልሰኸው ነው!" የሚባለው ልጁ ነው። (ልሶም ሊሆን ይችላል፤ እሱን አንከራከርም።) ከዚያ መልሱ፣ ስሙኒም ይሁን ሽልንግ፣ መዳፉ ላይ ይቆጠርና "ጨብጥ!" ይባላል። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ልጁ ቆም ብሎ "ምርቃትስ?" ሲል እርስዎ ብቅ ይላሉ። በነጻ! ያኔ ክብር ነበረዎት።

ዝርዝር ያኔም ይጠፋ ነበር። ባለሱቁ ግን ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውርዶ የዱቤ ደብተሩ ላይ "ስሙኒ ቀሪ" ብሎ ይጽፋል። ደብተሩ የደንበኛውን ዕዳ ብቻ ሳይሆን የራሱንም ይመዘግብ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥፋትዎ። ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ እርስዎ የሚያውቁት አንድ መንገድ ነው፣ ከሱቁ ወደ ኪስ። በማግስቱ ሁለት ከረሜላ ይዞ "ክብሪት ስጠኝ" የሚል ደንበኛ ምን እንደሚገጥመው ይገምቱ። የታክሲ ረዳትም ዘንድ ይሞከሩ፤ መልሱን ከነስድቡ ይሰጥዎታል። ሳንቲም ሱሪ ውስጥ ተረስቶ ቢታጠብ ነጽቶ ይወጣል። እርስዎ ግን ከወረቀትዎ ጋር ተጣብቀው ኪሱን ያበላሻሉ፤ ለዚያ ውሃም አያስፈልግዎትም፣ የቀትር ፀሐይ ይበቃዎታል። 2002 ዓ.ም. የተቀረጸበት የአንድ ብር ሳንቲም በአንድ በኩል አንበሳ፣ በሌላው ሚዛን አለበት። እርስዎ ላይ ያለው የሙዝ ሥዕል ነው።

ለመሆኑ ሳንቲሙ የት ገባ? አልጠፋም። በየቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለምጽዋት በሚዘረዝሩ ሰዎች እጅ አለ፣ በረዳቶች ጭብጥ ውስጥ አለ። ዘርዛሪው ከአሥር ብሩ ላይ ድርሻውን ቆርጦ ነው የሚሰጠው። እርስዎ ግን በጅምላ ይመጣሉ፤ እንበል መቶ ፍሬ በ70 ብር ተገዝተው፣ እያንዳንድዎ በአንድ ብር ሒሳብ ይታደላሉ። እንግዲህ ባለሱቁ ሳንቲም ሲፈልግ ይከስራል፣ እርስዎን ሲሰጥ 30 ብር ያተርፋል፤ ያውም "ልግዛ" ያለ ሰው ሳይኖር። በዚህ ሒሳብ ዝርዝር እንዴት ይኑር?

ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ሒሳብ ሳንቲሙ ሳይጎድል በስልክ እንደሚከፈል ሳይሰሙ አልቀሩም። ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር "ይኸው ተፈለግኩ" ብለው እንደሚደሰቱም እናውቃለን።

ስለዚህ ጣሳዎ ወደ ባንኮኒው ዳር፣ ልጅ ወደሚያያት ቦታ ትመለስ። እርስዎም ሲጠየቁ ብቻ ይውጡ።

ከሰላምታ ጋር
መልስ ጠባቂ ደንበኞች

ግልባጭ፦
ለማስቲካ (በተመሳሳይ ጥፋት)
ለክብሪት (ለጊዜው ምሕረት ተደርጎለታል፤ ቢያንስ ይበራል)

አባሪ፦ 3 ከረሜላ። የዚህ ደብዳቤ ፎቶ ኮፒ መልስ ነው።