ገለባ እንጂ ድርቆሽ አይሆንም

አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ግዛት ውስጥ ቤት የገዛ ሐበሻ ጓሮው ላይ ዴክ ሊሠራ ሲነሳ፣ ብዙ ጊዜ ከአናጺው ቀድሞ የሚያጋጥመው ኮንሰርቬሽን ኮሚሽን የሚባል የከተማው የረግረግና የውሃ ዳርቻ ጠባቂ ነው። «ለአንድ የእንጨት በረንዳ ይኼ ሁሉ ምንድን ነው?» ይላል። ጉዳዩ ግን የበረንዳው አይደለም። ቤቱ ከረግረግ ወይም ከባሕር ዳርቻ ጠርዝ በ100 ጫማ፣ ማለትም በ30 ሜትር ገደማ ውስጥ ካለ፣ አፈር መቆፈርም ሆነ ዛፍ መቁረጥ የኮሚሽኑ ጉዳይ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ ካለ ደግሞ ርቀቱ በአብዛኛው ቦታ 200 ጫማ ይሆናል። ቀድሞ ሣር የነበረበት ላይ የሚሠራን ዴክ ከረግረጉ ከ50 ጫማ በላይ እስከራቀ ድረስ የግዛቱ ሕግ ያልፈዋል። ብዙ ከተሞች ግን ከዚህ የጠበቀ የራሳቸው ደንብ ስላላቸው፣ የጎረቤትን ወሬ ሰምቶ መቆፈር አያዋጣም።

ኮሚሽኑ እነማን ናቸው ቢባል፣ ከ3 እስከ 7 የሚሆኑ የከተማው ሰዎች ናቸው። ለ3 ዓመት ይሾማሉ፣ ደመወዝ የላቸውም። ጡረታ የወጣ መሐንዲስ፣ የሳይንስ አስተማሪ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ የቤት እመቤት ሊሆኑ ይችላሉ። በወር አንድ ወይም ሁለት ምሽት ይሰበሰባሉ። አጀንዳው ከ48 ሰዓት በፊት መለጠፍ አለበት፣ ስብሰባውም ለማንም ክፍት ነው። ብዙ ከተሞች ቦቲ ጫማ አጥልቆ ጭቃ ውስጥ የሚገባ አንድ ደመወዝተኛ ባለሙያም ይቀጥራሉ። የግዛቱን ሕግ ቦታው ላይ የሚያስፈጽሙት እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ናቸው። አገር ቤት ይህን ለሰሚ ብንነግር «የቀበሌ ሰው የሆቴል ባለሀብትን ሊያስቆም?» ተብሎ ይሳቃል። እዚህ ግን ያስቆማል።

የሚያስቆመው በሥልጣን ብዛት አይደለም፣ በቀን ቆጠራ ነው። ሥራው ትንሽ ከሆነና ሕጉ ይመለከተው እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ከተፈለገ አጭር ጥያቄ ይቀርባል። ከበድ ካለ ደግሞ ኖቲስ ኦፍ ኢንቴንት የሚባል ሙሉ ማመልከቻ ከመሐንዲስ ፕላን ጋር ይገባል፣ ቅጂው ለግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይላካል፣ በ100 ጫማ ውስጥ ያሉ ጎረቤቶች በጽሑፍ ይነገራቸዋል፣ ጋዜጣ ላይም ማስታወቂያ ይወጣል። ማመልከቻው ተሟልቶ ከገባ በ21 ቀን ውስጥ ስብሰባው መከፈት አለበት፣ ስብሰባው ከተዘጋም በ21 ቀን ውስጥ ውሳኔው በጽሑፍ መውጣት አለበት። ውሳኔውን ያልወደደ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ለግዛቱ ይግባኝ ይላል። ይግባኝ ባዩ የግድ ባለቤቱ ወይም ጎረቤቱ መሆን የለበትም፤ የከተማው 10 ነዋሪዎች ፈርመው ይግባኝ ማለት ይችላሉ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ከሰኞ በኋላ ተመለሱ» የሚለው ነገር መውጫ ቀዳዳ የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

የዚህ ሁሉ ጥርሱ ግን ሌላ ቦታ ነው። ፈቃዱ ኦርደር ኦፍ ኮንዲሽንስ ይባላል፣ ስሙ እንደሚለው የግዴታዎች ዝርዝር ነው። ይህ ወረቀት በካውንቲው የንብረት መዝገብ ቤት ከቤቱ ስም ጋር ካልተመዘገበ አንድ አካፋ አፈር አይነሳም። ከዚያ የፋይል ቁጥሩ የተጻፈበት ሰሌዳ መንገዱ ዳር ይተከላል፣ አላፊ አግዳሚው ቁጥሩን ይዞ መጠየቅ ይችላል። ፈቃዱ በመደበኛው 3 ዓመት ይቆያል። ሥራው ሲያልቅ ባለሙያው መጥቶ ያያል፣ ኮሚሽኑም እንደተባለው መሠራቱን የሚገልጽ የማረጋገጫ ወረቀት ይሰጣል፣ እሱም ይመዘገባል። ይህን የመጨረሻውን ወረቀት ሰው ይረሳዋል። ከ10 ዓመት በኋላ ቤቱ ሲሸጥ የገዢው ጠበቃ መዝገብ ሲያገላብጥ ያልተዘጋ ፋይል ያገኛል፣ ክሎዚንጉም፣ ማለትም የሽያጩ መዝጊያ፣ ይቆማል። የመጀመሪያው ባለቤት አጥሮ የነበረውን የረግረግ ጫፍ ለማስለቀቅ አዲሱ ገዢ ሲሯሯጥ ማየት እዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ግዴታው የተጣበቀው ከመሬቱ ጋር ነው፣ ሰውየው ቢሄድ እሱ አይሄድም።

ረግረጉ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ የሚታወቀው በውሃ ብቻ አይደለም። ባለሙያው ተክሉን ይቆጥራል፤ ከግማሽ በላዩ ውሃ ወዳድ ከሆነ አንድ ምልክት አገኘ። ቀጥሎ ግማሽ ሜትር ያህል ቆፍሮ አፈሩን ያያል። ለረጅም ጊዜ ውሃ የተኛበት አፈር ብረቱ ስለሚታጠብ ግራጫ ይሆናል፣ በመካከሉ ዝገት የመሰለ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ይታይበታል፣ አንዳንዴም የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ስለዚህ በነሐሴ ደርቆ ሣር ሜዳ የመሰለ ቦታ አያታልለውም። በጸደይ ብቻ ውሃ የሚይዙ ትንንሽ ኩሬዎችም አሉ። ውስጣቸው የተወሰኑ የእንቁራሪትና የሳላማንደር ዝርያዎች እንቁላል ከተገኘ፣ ማንኛውም ሰው ፎቶ አንስቶ ግዛቱ እንዲመዘግባቸው ማመልከት ይችላል። ይህን ዘዴ እንዳለ ገልብጦ ወደ እኛ አገር መውሰድ ግን አያዛልቅም። የፎገራ ዋልካ ረጠበም ደረቀ ጥቁር ነው፣ ግራጫውንም ዝገቱንም ይደብቃል። እዚያ ቄጠማው፣ ደንገሉና የአገሬው ሽማግሌ ትዝታ ከአፈሩ ቀለም ይበልጥ ይናገራሉ። በሚያዝያ ተወስዶ «ይኸው ደረቅ መሬት ነው» ተብሎ የሚታይ ቦታ በነሐሴ ምን እንደሚመስል የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ሥራው ተፈቅዶ ሲጀመር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ትልቁ ነገር አይደለም፣ ጨርቁ ነው። በቁፋሮው ቦታና በረግረጉ መካከል ደለል የሚያግድ ጥቁር ጨርቅ በካስማ ይዘረጋል፣ ከጎኑም እስር ገለባ ይደረደራል። የጨርቁ ታችኛ ጫፍ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆፍሮ ካልተቀበረ ውሃው ከሥሩ ሾልኮ ያልፋል። ካስማው ከረግረጉ በኩል መሆን ሲገባው በቁፋሮው በኩል ከተተከለ፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጨርቁን ገንጥሎ ይጥለዋል። መስመሩ ቁልቁል ከተዘረጋ ውሃ ማገዱ ይቀርና ውሃውን እየመራ ይወስደዋል፤ መዘርጋት ያለበት ተዳፋቱን አቋርጦ ነው፣ ሁለቱ ጫፎችም ወደ ላይ መታጠፍ አለባቸው። የተጠራቀመው ደለል የጨርቁን ግማሽ ከመድረሱ በፊት ይዛቃል። እስሩ ደግሞ ገለባ እንጂ ድርቆሽ አይሆንም። ድርቆሽ ዘር አለው፣ ዘሩ ረግረጉ ውስጥ ይበቅላል፣ መጤ አረም ያመጣል። አንድ ኮሚሽን በአንድ እስር ገለባ ላይ 20 ደቂቃ ሲከራከር ላየ ሰው ያስቃል። ጣና ላይ እምቦጭ ምን እንዳደረገ ላየ ግን ብዙም አያስቅም።

ከረግረግ ላይ መሬት መንጠቅም በሒሳብ ነው። የባሕር ውሃ የሚገባበት የጨው ረግረግ አይነካም። በውስጥ መሬት እስከ 5,000 ካሬ ጫማ ሊፈቀድ ይችላል፣ ግን ቢያንስ እኩል ምትክ ረግረግ መሠራት አለበት፣ ምትኩም በ2 የዕድገት ወቅት ውስጥ 75 በመቶው በአገር በቀል የረግረግ ተክል መሸፈን አለበት። የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ በከፍታ ነው። መሬቱን የሚያስተካክለው ሰው አንድ ስንዝር ከፍ ካደረገው ተክሉ ውሃ አያገኝም፣ ቦታው ተራ የሣር ሜዳ ሆኖ ይቀራል። በጨው ረግረግ ላይ ወደ ጀልባ የሚወስድ የእንጨት መተላለፊያ ሲጠየቅም የተለመደው መለኪያ ቁመቱ ቢያንስ ከስፋቱ እኩል እንዲሆን ነው። ዝቅ ካለ ጥላው ሣሩን ይገድላል፣ ሥሩ ይበሰብሳል፣ መሬቱ ይሰምጣል።

ባሕሩ ዳር ጠቡ ይከርራል። ሲቹዌትና ማርሽፊልድን በመሳሰሉ ከተሞች ማዕበል በየብርዱ ወራት የሰው ግቢ ይበላል፣ ባለቤቱም የድንጋይ ግድግዳ መሥራት ይፈልጋል። ሕጉ ግን የሚፈቅደው ቤቱ ከነሐሴ 10 ቀን 1978 እ.ኤ.አ. በፊት የነበረ ከሆነ፣ ሌላ መንገድም ከሌለ ነው። ጭካኔ ይመስላል። ነገር ግን ያ የሚናደው ተዳፋት የታችኛውን ዳርቻ በአሸዋ የሚመግበው ነው። በድንጋይ ሲታሰር አሸዋው ይቀራል፣ ማዕበሉ ግድግዳውን መትቶ ሲመለስ ከፊቱ ያለውን ዳርቻ ይቦረቡራል፣ ግድግዳው የሚያበቃበት ጫፍ ላይ ደግሞ የጎረቤቱን ግቢ ይገምሳል። አሸዋ ማምጣትም ውድ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. በሳልስበሪ ዳርቻ ነዋሪዎች ከኪሳቸው ወደ 600 ሺህ ዶላር አውጥተው አሸዋ አስከመሩ፣ ሥራው ባለቀ በ3 ቀን ማዕበል መጥቶ ብዙውን ጠርጎ ወሰደው። ያም ሆኖ አሸዋው ቤቶቹን በዚያ ማዕበል አትርፏቸዋል የሚሉ አሉ፣ እነሱም የተሳሳቱ አይመስልም።

ይህን ሁሉ ስንናገር አሜሪካኖችን ማመጻደቅ አይደለም። የቦስተን ባለጠጋ ሰፈር ባክ ቤይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በባቡር አፈር እየመጣ የተሞላ ረግረግ ነው። ከተሞች ኮሚሽን እንዲያቋቁሙ የተፈቀደው በ1957፣ የባሕር ዳር ረግረግ ሕግ የወጣው በ1963፣ የውስጥ መሬቱ በ1965፣ ሁለቱ የተዋሐዱት በ1972 እ.ኤ.አ. ነው። ብዙው ከጠፋ በኋላ ማለት ነው። ዛሬም ቢሆን ጥሩ መሐንዲስና ጠበቃ የቀጠረ ሰው ወደ ፊት የሚሄድበት፣ ያልቀጠረው ተንጠልጥሎ የሚቀርበት ጊዜ አለ። እንቁራሪት አይተው የማያውቁ ጎረቤቶች ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ቤት ሊሠራ ነው ሲባል በድንገት የእንቁራሪት ጠበቃ ሆነው ብቅ ይላሉ።

አገር ቤት ሕግ የለም የሚለው ወሬ ግን ልክ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ጥናቱ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። ጎዶሎው ከዚያ ወዲህ ነው። የጥናቱ ሰነድ በቢሮ መደርደሪያ ይቀራል፣ ካርታው ላይ ስለ ረግረጉ አንድ መስመር አይሰፍርም፣ ይዞታው ወደ ሌላ ሰው ሲዞር ግዴታው አብሮ አይዞርም። ሐይቅ ዳር የሚሞላ መሬት በአንድ ቀን አይሞላም። መጀመሪያ ደንገሉ ይታጨዳል፣ ከዚያ ማታ ማታ ሲኖትራክ ገረጋንቲ ያራግፋል፣ ከአንድ ክረምት በኋላ አጥር ይመጣል። በእያንዳንዱ ደረጃ የሚያይ ሰው አለ፣ ያየውን ግን የት እንደሚያመለክት፣ በስንት ቀን ውስጥ መልስ እንደሚያገኝ አያውቅም። ጣና ላይ ደግሞ ዳርቻው ራሱ ይንቀሳቀሳል። የጨረጨራ ግድብ በ1996 እ.ኤ.አ. ከተሠራ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ የሰው እጅ አለበት፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ውሃው በጣም ሲሸሽ ገበሬው ደንገሉን መንጥሮ ባሕር ሸሹን አረሰ። ውሃው ተመልሶ ሲመጣ የማን መሬት ነው? መስመሩ አስቀድሞ ካልተሰመረ ይህን ዳኛም አይመልሰውም። ሐረማያ እንዴት እንደደረቀ ደግሞ የሐረር ሰው ይንገረን፤ በየማሳው የተተከለ ፓምፕ ብቻውን ሲታይ ትንሽ ነበር።

የአካባቢ ሰው ረግረግ መጠበቁም ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። ኢሉባቦር ውስጥ አባ ላጋ የሚባል ሰው ነበረ፣ በአንዳንድ ቦታ አሁንም አለ። ረግረጉን በጋራ ለሚያርሱት ገበሬዎች ቦዩ መቼ እንደሚቆፈር፣ ማን በስንት ቀን እንደሚሠራ፣ ከርከሮ ማን እንደሚጠብቅ የሚወስነው እሱ ነው። ከላይኛው ምንጭ አካባቢ ያለው ጨፌ ሳይታረስ ይቀራል፣ ለቤት ክዳን ይታጨዳል። መካከለኛው ቦይ ከመጠን በላይ ከጠለቀ የከርሰ ምድሩ ውሃ ወርዶ ይቀራል፣ በቀጣዩ ዓመት በቆሎው ይጠወልጋል። ከብት ከገባበት አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ባሕር ዛፍ ከተተከለበት ውሃውን ይመጠዋል። በቆሎው ከተሰበሰበ በኋላ ደግሞ ረግረጉ እንደገና እንዲሞላ ቦዩ በሣርና በጭቃ ይደፈናል። ማሳቹሴትስ ውስጥ ሥራው ሲያልቅ የሚሰጠው ያ የማረጋገጫ ወረቀት ኢሉባቦር ቢሆን ኖሮ የሚጻፈው በዚህ ጊዜ ነበር፤ አንድ ሰው ከቦይ ቦይ እየዞረ መደፈኑን በእግሩ ረግጦ ሲያረጋግጥ።