የሌንስ ጥራት ቁጥር ከካሜራው ተነጥሎ አይነበብም

ስለ ሌንሶች ጥራት የወጣው ጽሑፍ ሁለት ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንሶችን ሲያነጻጽር አንዱ በ24፣ ሌላው በ61 ሜጋፒክስል (ሚሊዮን የምስል ነጥብ) ካሜራ የተለካበትን ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጦ ሁለተኛውን አሸናፊ ማድረጉ አልተዋጠልኝም። የተለካው ሌንሱ ብቻ ሳይሆን ሌንሱና ሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው የካሜራው ክፍል) በአንድ ላይ ናቸው። ቁጥሩ በምስሉ ቁመት ውስጥ ስንት ቀጫጭን መስመሮች ተለይተው እንደሚታዩ ነው የሚናገረው። የ24 ሜጋፒክስሉ ሴንሰር በቁመቱ 4000 ፒክስል ገደማ ስላለው ሌንሱ የቱንም ያህል ድንቅ ቢሆን ከዚያ በላይ መስመሮችን በትክክል ለይቶ ማሳየት አይችልም፤ የ61ዱ ግን ከ6300 ያልፋል። ያንኑ ሌንስ ከ24ቱ ነቅላችሁ 61ዱ ላይ ብትገጥሙት ቁጥሩ ይጨምራል፣ መስታወቱ ግን ያው ነው። ጭማሪውም ቢሆን ለሁሉም እኩል አይደርስም፦ ደካማ ሌንስ፣ በተለይ በጠርዙ በኩል፣ እምብዛም አይጠቀምም። የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ እስከ ኤፍ 16 (በጣም ጠባብ) ከጠበበ ደግሞ ብርሃኑ ራሱ ስለሚዘረጋ የሁለቱ ካሜራዎች ልዩነት ይቀንሳል።

ፒያሳ ካሜራ የሚገዛ ወጣት እንዲህ ያለውን ሠንጠረዥ በስልኩ ከፍቶ ነው የሚከራከረው (ሻጩም ደስ ይለዋል)። ለሠርግ አልበም ከሆነ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ገጽ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም 17 ሜጋፒክስል ገደማ ይበቃዋል፤ ስለዚህ 24ቱም አያንሰውም። አዘጋጁ ቢያንስ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ የካሜራውን ዓይነት ይጻፉልን።