ኮልት ሲጠገን ቃታው መጨረሻ ይምጣ

ፒያሳ ላይ ሞረድ የለመደ እጅ አይጠፋም። ወርቅ ሠሪውም ሰዓት ጠጋኙም ከፀጉር የቀጠነ ነገር ሲያበጅ ይውላል። ከአባቱ ኮልት ሽጉጥ የወረሰ ሰው ይህን እያየ «ቃታው ከብዶኛል፣ ትንሽ አለስልሱልኝ፤ ኒኬልም ይነከርልኝ» ማለት ያምረዋል። ሞላውን የሚያስታውስ ግን የለም። ሥራው ደግሞ መጀመር ያለበት ከሞላው ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ፦ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የጦር መሣሪያ መያዝ ብቻ ሳይሆን መጠገንም ፈቃድ ይጠይቃል። ከዚህ በታች ያለው ፈቃድ ያለው ባለቤት ፈቃድ ላለው ጠጋኝ ምን ማዘዝ እንዳለበት እንጂ ቶርኖ ቤት ይዞት እንዲሄድ አይደለም።

ጆን ብራውኒንግ የነደፈውን ይህን ባለ 45 ካሊበር ሽጉጥ የአሜሪካ ጦር የተቀበለው በ1903 ዓ.ም. ነው። እኛም አገር በ1943 ወደ ኮሪያ የዘመተው ቃኘው የአሜሪካ ትጥቅ ነበረው፤ በ1945 ደግሞ የወታደራዊ ርዳታው ስምምነት ተፈረመ። ከዚያ ዘመን የቀረ ኮልት ሰባ ዓመት አልፎታል፤ በውስጡ ያለው ሞላም ምናልባት ያው የድሮው ነው።

ማቀባበያውን፣ ማለትም በየተኩሱ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚንሸራተተውን የላይኛውን ክፍል፣ የሚመልሰው ሞላ መደበኛ ጉልበቱ 16 ፓውንድ፣ ማለትም 7.3 ኪሎ ግድም ነው። ሲደክም ማቀባበያው በየተኩሱ አካሉን በኃይል ይደበድባል፤ ቀለሁም ሩቅ ይወረወራል። «እንግዲያው ጠንካራውን ልግጠም» ብሎ 20 ፓውንድ የሚያስገባም ይሳሳታል፦ ማቀባበያው የጥይት ማቀፊያው ካዝና ጥይቱን ከፍ እስኪያደርግ ሳይጠብቅ ይመለሳል፣ አፈሙዙም ወደ ታች ይደፋል። ዕድሜው ያልታወቀ ሞላ ይቀየር፤ አዘውትሮ ለሚተኩስ በየ2,000 ጥይቱ። የመቺው መርፌ ሞላም አብሮ ይለወጥ። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ሥራው ግን ከባድ፦ የቆዩት ኮልቶች መርፌውን የሚቆልፍ ክፍል ስለሌላቸው ሽጉጡ በአፈሙዙ ቢወድቅ መርፌው ወደ ፊት እንዳይዘል የሚይዘው ያ ሞላ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ካዝናው። ካዝናዎቹን በቀለም ቁጥር ስጧቸው፤ ጥይት መንከሱ (ሳይገባ መቀርቀሩ) በአንዱ ቁጥር ላይ ብቻ ከተደጋገመ የላይኛው ከንፈሩ ተከፍቷል ማለት ነውና ጣሉት። በፒንሳ ጎንበስ ቀና የተደረገ ከንፈር አይታመንም።

ቀለህ ጎታቹ ራሱ እንደ ሞላ የሚሠራ አንድ ወጥ ብረት ነው። ፍተሻው ቀላል ነው፦ ማቀባበያውን ነቅሎ፣ ባሩድ የሌለውን ማለማመጃ ጥይት ከጎታቹ ሥር ማስገባት። በዝግታ ሲነቀነቅ መያዝ፣ በኃይል ሲነቀነቅ መውደቅ አለበት። ጎታቹን ቶሎ የሚገድለው ደግሞ የባለቤቱ ልማድ ነው። ጥይት በእጅ በርሜል ውስጥ ከትቶ ማቀባበያውን የሚለቅ ሰው ጎታቹ በቀለሁ ከንፈር ላይ በግድ እንዲዘል ያስገድደዋል። ጥይት ሁልጊዜ ከካዝና ይግባ።

«በርሜሉ ይወዛወዛል» ለሚል ቅሬታ የጥድፊያው መልስ በርሜሉን ከሽጉጡ አካል ጋር የሚያገናኘውን ማያያዣ ረዘም ባለ መለወጥ ነው። መደበኛው ከቀዳዳ መሐል እስከ ቀዳዳ መሐል 7.06 ሚሊ ሜትር ነው። የረዘመው በርሜሉን ከፍ ስለሚያደርገው ውዝዋዜው የጠፋ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን በርሜሉ ከሥሩ ባለው እግሩ መቆሙን ትቶ በማያያዣው ላይ ተንጠልጥሏል። ቆይቶ ማያያዣው ይሰበራል፣ የበርሜሉ ጥርሶችም ይጎዳሉ። ትክክለኛው ሥራ በልኩ የተገጠመ በርሜልና የአፈሙዝ ቀለበት ነው። «እንዳለ ይገጠማል» ተብሎ የሚሸጥ መለዋወጫም ቢሆን ያለ ሞረድ ልክ የሚገባው ከስንት አንዴ ነው።

ይህ ሁሉ ካለቀ ወደ ቃታው ይሂዱ። በወታደራዊው ኮልት ላይ ከ2.3 እስከ 3 ኪሎ የሚደርስ የቃታ ጉልበት ጉድለት አይደለም። መዶሻውን ይዞ የሚያቆየው መንጠቆ ቁመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የጠነከረው የብረቱ ቆዳም ስስ ነው። ሁለት ሦስት የሞረድ ምት አንግሉን ካበላሸው ማቀባበያው ሲዘጋ መዶሻው አብሮት ይወድቃል፤ አንዴ ተስቦ ሁለት የሚተኩሰውም ከዚህ ነው። የተነካ ቃታ ሲረከቡ ሽጉጡን ባዶ ያድርጉ፣ ሁለቴ አይተው ያረጋግጡ። መዶሻውን አንስተው፣ ሴፍቲውን ዘግተው ቃታውን ጠበቅ አድርገው ስበው ይልቀቁ፤ ከዚያ ሴፍቲውን ይክፈቱ። መዶሻው መነቃነቅ የለበትም። ቀጥሎ መዶሻውን በጣት በጥቂቱ ወደ ኋላ ሲገፉት «ጥቅ» የምትል ድምፅ ካለች የመዶሻውን መንጠቆ የሚይዘው ጥርስ ከቦታው ተንሸራቷል፤ መልሱለት።

ስለ ኒኬሉ ብዙ አልልም። ሞላ በፍጹም አይነከርም፤ የመንከሪያው ሂደት ሃይድሮጅን ስለሚያስገባበት ይሰባበራል። ማብረቅረቂያው ጎማ ደግሞ የሽጉጡን ቁጥር ያደበዝዛል። ፈቃዱ ላይ ከተጻፈው ጋር የሚመሳከረው ያ ቁጥር ነው፤ ለአንድ ሠርግ ለሚያበራ ሽጉጥ ከፖሊስ ጋር መጨቃጨቅ ነው የሚተርፈው።

ጠጋኙ ያወጣቸውን አሮጌ ክፍሎች በሙሉ በከረጢት አድርጎ ይመልስ፤ የገጠመው ሞላም ስንት ፓውንድ እንደሆነ በወረቀት ይጻፍ።